ያልተመሳሰለ ፊርማ

የገንዘብ ከፋይ ዓይን የተበላሸ ዓይን ነው። ሰው ወደ መስኮቱ ሲቀርብ ፊቱን አያይም፤ እጁን ያያል። ከእጁ ወረቀቱን፣ ከወረቀቱም ፊርማውን። በዘጠኝ የባንክ ዓመታቴ ስንት ሺህ ፊርማ ከስንት ሺህ ናሙና ጋር እንዳስተያየሁ ቆጥሬ አላውቅም። ብቻ የሰው ስም እየረሳሁ ፊርማውን የማስታውስ ፍጡር ሆኛለሁ። መንገድ ላይ አንድ ደንበኛ ሰላም ቢለኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የፊርማው ጭራ አጣጣል ነው። ይህ ልማድ ግጥም ለሚሞክር ሰው ይጥቀም ይጉዳ እናንተው ፍረዱ…

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ፊርማ ነው።

ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። በጡረታ የተገለሉ የአማርኛ መምህር ናቸው። የጡረታ ገንዘባቸው በገባ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ግርግሩ ጋብ ሲል፣ የኮታቸውን ቁልፎች ሁሉ ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። በገመድ የታሰረውን የባንኩን እስክሪብቶ አይነኩም፤ የራሳቸው አላቸው። ፊርማቸው የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈት ነው። የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ቁመናውን ሳያዛቡ ይጽፉና ከሥሩ አንዲት ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ያሰምራሉ፤ መስመሯ ጫፏ ላይ ስትደርስ ቀና ትላለች። ከዶሮ ጭረት መካከል እንዲህ ያለ ፊርማ ሲገጥመኝ ማኅተም ከመምታቴ በፊት ወረቀቱን ጥቂት አቆየዋለሁ። ለምን እንደማቆየው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ የሚያውቁት ይመስለኛል።

የካቲት ነበር፤ ጾም ገብቷል። ወረቀቱን በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፉልኝ። ቀኑ በቦታው አለ። የሂሳብ ቁጥሩም አለ። ገንዘቡ በአኃዝ 4,000፣ በፊደል ደግሞ «አራት ሺህ ብር ብቻ» ተብሎ በዚያ በማውቀው እጅ ተጽፏል። ፊርማው ግን ፊርማ አልነበረም። ፊደሉ ተጀምሮ ወገቡ ላይ ተጥሏል። መስመሯም ቀና በማለት ፈንታ ቁልቁል ወርዳ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥታለች።

«ጋሼ፣ ፊርማዎ አልተመሳሰለም። እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

ደገሙ፤ ባሰ።

«እንደገና፣ ጋሼ።»

ሦስተኛውን ሲጀምሩ እስክሪብቶው ከጣቶቻቸው መካከል ተንሸራቶ ወደቀ። ጎንበስ ብለው አላነሡትም። እጃቸውን የሌላ ሰው ዕቃ በስሕተት የያዙ ያህል አዩት። ከዚያም አንድ ነገር ተናገሩ፤ ድምፁ የእሳቸው ነበር፣ ቃላቱ ግን አፍ ውስጥ ጥጥ የተጎሰጎሰ ያህል ወፍረው ተያይዘው ወጡ። ከወረፋው አንድ ጎልማሳ ሳቅ ብሎ «ጋሼ ዛሬ በማለዳው ነው እንዴ?» አለ።

እኔም፣ ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ እንደ እሱ አሰብኩ። በጾም ቀን፣ ገና በጠዋቱ፣ የማከብራቸው ሰው ጠጥተው መጡ ብዬ አዘንኩ። ሌላ ሐሳብ በአእምሮዬ አልመጣም። «እዚያ ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ፤ ሲረጋጉ እንሞክረዋለን» አልኳቸውና ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞርኩ። ፊርማ ሳይመሳሰል ሲቀር በወረቀቱ ጀርባ ሰዓቱን በእርሳስ የማስፈር ልማድ አለኝ። 3:10 ብዬ ጻፍኩ።

ጥበቃችን ደግ ሰው ነው፤ ውኃ በብርጭቆ አመጣላቸው። ውኃው በቀኝ በኩል ከከንፈራቸው ጠርዝ ፈስሶ ኮታቸውን አራሰው። ይህን በመስታወቱ ውስጥ አየሁ። አየሁና የመቶ ብር ኖቶች መቁጠሬን ቀጠልኩ።

ስሕተቱን ያወቀችው ሐኪም አልነበረችም። ሽንኩርትና ድንች ነግዳ የዕለቱን ሽያጭ ልታስገባ የምትመጣ ደንበኛችን ናት። ገንዘቧን በመቀነቷ እንደያዘች ከወረፋው ወጣች፤ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለችና «አባቴ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ» አለቻቸው። የፊታቸው ግማሽ ፈገግ አለ፤ ግማሹ ባለበት ቀረ። «እጆችዎን እንዲህ ዘርግተው ያንሡልኝ» አለቻቸው። ግራው ተነሣ፤ ቀኙ ከጭናቸው አልተነቀለም። «ስምዎን ማን ልበል?» አለች። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ስማቸው አልወጣም። ዞር ብላ ወደ መስኮቴ ጮኸች።

«አንተ ልጅ! እኚህ ሰው እንዲህ ከሆኑ ስንት ሰዓት ሆናቸው?»

ሰዓቴን አየሁ። 4:20 ይል ነበር።

ለካ እናቷን ስታስታምም ነው የተማረችው። ታክሲ አስጠራች፤ ከጥበቃው ጋር ደግፋ አስገባቻቸው፤ አብራ ሄደች። እኔስ? የገንዘብ ሳጥኔን ለተቆጣጣሪዬ አስረክቤ መውጣት እችል ነበር፤ ርክክቡ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ነገር ግን ከኪሴ ሁለት መቶ ብር አውጥቼ ለጥበቃው ሰጠሁት። ከዚያም «ቀጣይ!» አልኩ።

ማታ ሂሳቤን ዘግቼ ሆስፒታል ስደርስ ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። መጀመሪያ የተወሰዱበት ክሊኒክ የአንጎል ማንሻ መሣሪያ ስላልነበረው ወደ ሌላ ቦታ መርቷቸዋል። መንገዱ፣ ካርድ ማውጣቱ፣ ክፍያው፣ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ወስዶ ምስሉ የተነሣው 7:15 ላይ ነበር። በግራው የአንጎል ክፍል ትልቁን የደም ቧንቧ የረጋ ደም ዘግቶታል። ሐኪሟ ልጅቱን ደጋግማ የጠየቀቻት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ልጅቱ የምታውቀው አባቷ በ2:30 በሰላም ከቤት መውጣታቸውን ነው።

ትክክለኛውን መልስ የያዘው ወረቀት በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። «አራት ሺህ ብር ብቻ» እስከሚለው ድረስ እጁ ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፊርማ ታሟል። በሽታው የገባው «ብቻ» በምትለው ቃልና በፊርማው መካከል ባለችው የአንድ ጣት ስፋት ላይ ነው። ጀርባውን ብትገልጡት ሰዓቱ በእርሳስ ተጽፏል።

የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረበት አንሥቶ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ቢዘገይ ግን ከሚጠቅመው ይልቅ ደም በማፍሰስ የሚጎዳው ሊያመዝን ይችላል። በልጅቱ ሰዓት ከቆጠርን ጊዜው 7:00 ላይ አልቋል። በእኔ ወረቀት ከቆጠርን ግን ምስሉ ሲነሣ ገና ሃያ አምስት ደቂቃ ነበረ። ይህን ለሐኪሟ ስነግራት ጥቂት ዝም አለች። «መድኃኒቱ እዚህ የለንም» አለችኝ በመጨረሻ፤ «ቢኖረን ኖሮ ግን ከሁላችንም ይልቅ ያ ወረቀት ይናገር ነበር።» ልታጽናናኝ ይሁን ልትወቅሰኝ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የተበላሸ ቅጽ በደንባችን ይቀደዳል። ያንን አልቀደድኩትም።

ከዚያ ወዲያ እንደ ተማሪ ማንበብ ጀመርኩ። ሐኪሞቻችን ይህን በሽታ የአንጎል ምት ይሉታል፤ ሕዝቡም ስትሮክ የሚለውን ቃል ለምዶታል። «ምት» የምትለዋ ቃል ግን አላስተኛ አለችኝ። የግጥም ምት እንላለን፤ የልብ ምት እንላለን። ስንኝ ሲሰብረኝ ምቱ ጎደለ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ በጣቴ ጠረጴዛ እየመታሁ የምቆጥር ሰው፣ ፊቴ የቆመ ሰው ምት ሲጎድል አልሰማሁም። ደግሞም ከ«ምት» አጠገብ «ምች» አለች፤ በአንዲት ፊደል የሚለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። የሰው አፍ ሲጣመም «ምች መታው» እንላለን፤ ዳማከሴ ይጨመቃል፤ በሽተኛው ተሸፋፍኖ ይተኛል፤ «ላብ ካወጣው ይለቀዋል» ይባላል። እናቶቻችንን አልወቅስም። ዳማከሴው ለብዙ ራስ ምታት ደርሷል። ለዚህኛው ግን የሚደርስለት ሰዓት ብቻ ነው።

ሰዓት ስል የምሬን ነው። ጄፍሪ ሴቨር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስሌት፣ ከአንጎል ትልልቅ የደም ቧንቧዎች አንዱ ተዘግቶ ሕክምና ሳያገኝ ሲቆይ በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳት ይጠፋሉ። ይህን ባነበብኩ ቀን የሙያዬ ነገር ሆኖ ካልኩሌተሬን አወጣሁ። ከ3:10 እስከ 4:20 ሰባ ደቂቃ ነው። ሰባ ሲባዛ በ1.9 ሚሊዮን፣ 133 ሚሊዮን። በእኔ መስኮት፣ በእኔ ፈረቃ፣ ያለ ፊርማ የወጣ ወጪ። አንድ መቶ ብር ቢጎድልብኝ ሳላገኘው ወደ ቤቴ አልሄድም ነበር።

በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የጋሼ ዓይነት ነው፤ ቧንቧው ይዘጋና ከመዘጊያው ወዲያ ያለው የአንጎል ክፍል ደም ይጠማዋል። ሁለተኛው ቧንቧው ይፈነዳና ደም ወደ አንጎል ይፈስሳል። ከውጭ ሲታዩ መንትዮች ናቸው፤ ያው ፊት ይጣመማል፣ ያው እጅ ይዝላል። ስለዚህ «ደም ያቀጥናል» ብሎ ቤት ውስጥ አስፕሪን ማዋጥ አደገኛ ነው፤ ለተዘጋው ቢጠቅም ለፈሰሰው እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው። የሚለያቸው ምስል ብቻ ነው። ዮሐን ያኮብ ቬፕፈር የተባለው የስዊስ ሐኪም በ1658 እ.ኤ.አ. በሽታው ከአንጎል ደም መፍሰስ ጋር የተያያዘ መሆኑን የጻፈው የሞቱ ሰዎችን ራስ ቅል ከፍቶ አይቶ ነው። በሕይወት ያለ ሰው አንጎል በሲቲ ስካን መታየት የጀመረው በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ነው። ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ሐኪሞች በሽተኛው እስኪሞት ጠብቀው ያውቁ የነበረውን፣ ዛሬ በደቂቃዎች ውስጥ ቆሞ ማወቅ ይቻላል። በሽተኛው ከደረሰ ነው እንግዲህ።

የእኛም ታሪክ ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ እኛ ግን በስሙ አንጠራውም። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በጽኑ የአንጎል ምት ተመትተው አካላቸው ታሰረ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ከአራት ዓመታት በላይ ሀገር የምታህል ዝምታ ከአልጋቸው ዙሪያ ቆየች። በትምህርት ቤት የተማርነው ስለ አልጋ ወራሽነቱ፣ ስለ እንደራሴነቱና ስለ ቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ነው። ስለ ሰውየው፣ ተናግሮ ሠራዊት ያስከተተው አፍ አንዲት ቃል አጥቶ ስለተኛበት ሌሊት፣ ያስተማረን የለም። በዚያ ዘመን ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። ይህ ለእነሱ ምክንያት ይሆናል፤ ለእኔ አይሆንም።

ሰንበት ብዬ የጋሼን ልጅ ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃት ሌላ ነገር አጫወተችኝ። ከዚያች ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ምሳ ሲበሉ ማንኪያው ከአባቷ እጅ ወድቆ ነበር። ስሟን ሊጠሩ ፈልገው የሌላ ነገር ስም ጠሩ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆኑና ተመለሱ። እንዲያውም ሳቁበት፤ «ጾሙ ነው» አሉ። «ሐኪም እንይ» ስትላቸው «አለፈኮ!» አሏት። እውነት ነው አልፎ ነበር። ነገር ግን እንዲህ መጥቶ የሚሄደው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ዋናው ምት በተከታዮቹ ቀናት ውስጥ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ «አለፈ» ተብሎ የሚቀመጡለት አይደለም፤ በዚያው ሰዓት የሚሄዱለት ነው። የደም ግፊት መድኃኒትም ነበራቸው። የሚወስዱት ግን ራሳቸውን ባመማቸው ቀን ብቻ ነበር። የደም ግፊት ሳያምም እንደሚሠራ፣ ዝም ብሎ እንደሚገዘግዝ፣ ያ ሁሉ ማንበብ የሚወዱ መምህር አላወቁም ነበር። ወይም አውቀው ቸል አሉት፤ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን።

እድራችን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ይሰበሰባል። ያን ሰሞን ከስብሰባው ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰው ሲሞትብን ድንኳኑ በሰዓት ውስጥ ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ማን ቀብር እንደሚያስቆፍር፣ ማን እንደሚለፍፍ ሁሉም የታወቀ ነው። በሕይወት እያለ ለሚወድቅብን ሰው ግን ማን ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነገር የለም። አንዱ ውኃ ያመጣል፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይወቅጣል፣ አንዱ እግር ያሻል፣ አንዱ «ጠበል ውሰዱት» ይላል። መኪና የሚጠራው ከሁሉ በኋላ ነው። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ሐኪም ቤት ደርሶ አልጋው አጠገብም ይጸለያል። በቀጣዩ ወር ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የአራቱን ነገሮች የመጀመሪያ ፊደሎች ገጥመው «ፈጣን» የሚል ትርጉም ያላት ቃል ሠርተዋል፤ ፊት፣ ክንድ፣ ንግግር፣ ጊዜ። በእኛ ፊደል እንዲህ ያለች ቃል ለመሥራት ሦስት ሌሊት ታግዬ አልሆነልኝም። ሲያቅተኝ ወደ ለመድኩት ዞርኩ።

ፈገግ በል ብትለው፣ ፊቱ ከጠመመ፣
ክንድህን አንሣ ስትል፣ አንዱ ከደከመ፣
ስምህ ማነው ስትል፣ ቃሉ ከዘመመ፣
ሰዓት አይተህ ሩጥ፣ ሳትል «ጥቂት ታመመ»።

አውቃለሁ፤ ግጥም አይደለችም። እዚህ ገጽ ላይ ከሚወጡት ጎን ስትቆም ታሳፍረኛለች። ቢሆንም የእድራችን ዳኛ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ አንዲት እናት ደግሞ «ዜማ ቢጤ ቢኖራት» አሉ። ከስንኟ በታች የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907፣ የእሳትና አደጋን 939 ጽፈን በእድሩ መዝገብ ሽፋን ላይ ለጠፍን። ስንኟ ያልያዘችውን በቃል ነገርኳቸው፤ ለመዋጥ የተቸገረ ሰው በአፉ ምንም እንዳይሰጠው፣ ውኃም ቢሆን፤ ራሱን ከሳተ በጎኑ እንዲተኛ፤ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ አብረው እንዲሄዱ፤ ከሁሉም በፊት ሰዓቱ እንዲጻፍ። ድንገት አንድ ዓይን ቢጋረድ ወይም መራመድ ቢከዳ፣ ከዚህ በፊት የማይታወቅ ብርቱ ራስ ምታት እንደ መብረቅ ቢወርድም ያው ነው። አንዱ ጎረቤቴ «መድኃኒቱ ከሌለ መሮጡ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም ለሐኪሟ ጠይቄያት ነበር። ያ መድኃኒት ባይኖርም የፈሰሰና የተዘጋ መለየቱ፣ የደም ግፊቱን በልኩ መያዙ፣ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ መጠበቁ፣ ሁለተኛው ምት እንዳይከተል መከላከሉ የሰውየውን ነገ ይለውጠዋል ብላኛለች። ይህንኑ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ የተዋጠለት አልመሰለኝም።

ጋሼ ተርፈዋል። ቀኝ እግራቸው በምርኩዝ ይታዘዛል፤ ቀኝ እጃቸው አልተመለሰም። የሚባሉትን በአብዛኛው ይረዳሉ፤ ዓይናቸው ያው ነው። አንደበታቸው ግን ከነበረው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ይዞ ቀርቷል። «እንደገና።» ቡና ሲፈልጉ «እንደገና» ይላሉ፤ በር ሲንኳኳ «እንደገና»፤ ሲቆጡም ሲደሰቱም እንደዚያው፣ ድምፁ ብቻ ይለያያል። በ1861 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የተባለው ሐኪም «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር ምንም መናገር የማይችል ሕመምተኛ አግኝቶ ነበር። ሲሞት አንጎሉን ቢያየው የተጎዳው በግራ በኩል ፊተኛው ክፍል ሆነ፤ የመናገሪያው ስፍራ የታወቀው በዚያ ነው። የጋሼ ልጅ ቃሉ ከክፍል የመጣ ነው ትላለች፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲያስነብቡ የኖሩባት ቃል ናት። እኔ ግን ሌላ ምንጭ አለኝ። በዚያ ጠዋት በመስታወቱ ቀዳዳ ለመጨረሻ ጊዜ የነገርኳቸው ቃል የትኛው እንደነበር አስታውሳለሁ። ለልጃቸው አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ስለ ስዊድናዊው ገጣሚ ስለ ቶማስ ትራንስትሮመር አጫወትኳቸው። በ1990 እ.ኤ.አ. ምት መትቶት ቀኝ ጎኑና ንግግሩ ተያዙ። ከዚያ በኋላ ለግራ እጅ ብቻ የተደረሱ ሙዚቃዎችን በፒያኖ ይጫወት ነበር፤ ግጥሙንም አላቆመም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። ጋሼ እስክጨርስ ሰሙኝና ግራ እጃቸውን አንሥተው ገልበጥ አድርገው ተመለከቱት። ምንም አላሉም።

መፈረም የማይችል ደንበኛ በጣት አሻራ ነው የሚስተናገደው። የፊርማ ካርዳቸውን የለወጥኩት እኔ ነኝ። የግራ አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ ጫንኩና በካርዱ ላይ አሳረፍኩት። ያ ቀና የምትል መስመር ያለው አሮጌ ካርድ ላይ «የተሰረዘ» የሚል ማኅተም መታሁበት። ሁላችሁም ስትሠሩት የምትውሉት ሥራ ቢሆን ኖሮ ይገባችሁ ነበር፤ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ባለፈው ወር በልጃቸው ተደግፈው መጡ። አሻራ ማድረጊያውን ቀለም ሳቀርብላቸው በግራ እጃቸው ወደ ጎን ገፉት። ከኮታቸው ኪስ ባለ ድርብ መስመር የልጆች ደብተር አወጡና በመስኮቱ ሥር አሳለፉልኝ። ገለጥኩት። ሀ ሁ ሂ ተብሎ የተጀመረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በነፋስ የተመታ አጥር ይመስላሉ፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ፊደሎቹ እየቆሙ ይመጣሉ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ሃያ ሠላሳ ጊዜ ተጽፏል።

አዲስ የፊርማ ካርድ ከመሳቢያዬ አወጣሁ። በካርዱ ላይ ሁለት ናሙና ያስፈልጋል። ወረፋው ከኋላቸው ረዝሟል፤ የተናገረ ሰው አልነበረም። እስክሪብቷቸውን በግራ እጃቸው ጨብጠው አንዱን ፈረሙ፤ አረፉ፤ ሁለተኛውንም ፈረሙ። መስመሯ በሁለቱም ላይ አለች፤ በአንዱ ቀና ትላለች፣ በአንዱ ትወርዳለች። ካርዱን ወደ እኔ ስቤ ከልማዴ የተነሣ ሁለቱን አስተያየኋቸው። አልተመሳሰሉም።

ቀና ስል በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ ነው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ጣታቸውን አነሡ።

«እንደገና» አሉ።